ነሐሴ ላይ ያጥለቀለቀን ውሃ መጋቢት ላይ የት ይገባል? የቦርከና ጉዳይ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው በአመት ውስጥ ሁለቴ ስለ ውሃ ያማርራል። አንዴ ነሐሴ ላይ የቦርከና ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በዳሩ ያለውን የሽንኩርትና የጎመን መደብ ጠራርጎ ሲወስድ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መጋቢት ላይ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ እየነፋ ቢጫ ጀሪካን በየቦኖው ተደርድሮ ሲውል። ደሴም ያው ነው፣ እንደውም ዳገት ላይ ያለው ሰፈር ይብሳል። ሁሌ የሚከነክነኝ ግን ሁለቱን እንደማይገናኙ ጉዳዮች አድርገን ማየታችን ነው፣ ለጎርፉ ሌላ ስብሰባ ለእጥረቱ ሌላ ስብሰባ፣ ለጎርፉ ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግድግዳ) ለእጥረቱ ጥልቅ ጉድጓድ። እኔ እዚህ ማሳየት የፈለኩት ነሐሴ ላይ የሚያጥለቀልቀንና መጋቢት ላይ የሚጠፋብን አንዱ ውሃ እንደሆነ ነው። የአየር ንብረት ለውጡ እኛ ጋ በዋናነት የነካው የዝናቡን ድምር ሳይሆን ውሃው መሬት ላይና መሬት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ነው፣ የውሃ አስተዳደራችን ደግሞ አሁንም ድምሩን እያየ ነው የሚያቅደው።

ቦታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልግለፅ። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ማለት ውሃው በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዶሮ መዝለያ ጋ ያለውን ጠባብ ገደል በክረምት ያለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ቦርከና ደሴ ዙሪያ ካሉት ተራሮች ተሰብስቦ፣ ከተማዋን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ ከዛ ጨፋ ረግረግ ውስጥ ገብቶ በከሚሴ አቅጣጫ ይሄድና መጨረሻ ላይ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባህር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጦሳ ላይ የወረደች ጠብታ ወይ ሰው፣ ከብት ወይ ተክል ይጠቀምባታል፣ ወይ መሬት ይይዛታል፣ ወይ ደግሞ ትተናለች፣ ሌላ መውጫ የላትም። የኮምቦልቻ ሜዳ ስሩ ከተራራው ለዘመናት ተጠርጎ የወረደ አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ነው፣ ከሱ በታች የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። የከርሰ ምድሩ ውሃ የሚቀመጠው እዛ ውስጥ ነው፣ ከተማዋም የምትጠጣው በብዛት ከዛው በጉድጓድ እየተሳበ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ፣ ወሎ ውስጥ ሁለት ወቅት ነው ያለን። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። ኮምቦልቻ አካባቢ በአመት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ደሴ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚወርደው። ይሄ ቁጥር ትንሽ አይደለም፣ ለንደን በአመት የምታገኘው 600 ገደማ ነው። ስለዚህ "ዝናብ የለንም" የሚለው አባባል ብቻውን አያስኬድም፣ ዝናብ አለን፣ ጥያቄው መቼ መጣ፣ በምን ያህል ኃይል መጣ፣ ስንት ቀን ቆየ የሚለው ነው። የአመት ደሞዝህን በአንድ ሳምንት ቆጥረው ሰጥተውህ ማስቀመጫ ቦታ ባይኖርህ ድምሩ ትልቅ መሆኑ ምን ይጠቅምሃል፣ እንደዛ ነው የሆነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። በሀገር ደረጃ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ትንሽ ቁጥር ይመስላል፣ ግን ወደኛ መሬት አምጡትና እዩት። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲወርድ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ለዛ ነው ከደሴ ጃኬት ለብሶ የወረደ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሳይደርስ የሚያወልቀው። በዚህ ሂሳብ 1.3 ዲግሪ ማለት አንድ ቦታ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላ እንደወረደ ነው፣ ደጋው ወይና ደጋ እየሆነ ወይና ደጋው ወደ ቆላ እየተጠጋ ማለት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ አየሩ የሚይዘው እንፋሎት ይጨምራል፣ ለአንድ ዲግሪ 7 በመቶ ገደማ። ይሄ ነገር በሁለት በኩል ነው የሚመታን፣ ደረቅ ጊዜ ላይ አየሩ ከአፈሩም ከወንዙም ከእፅዋቱም ውሃ ይመጥጣል፣ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ የተሸከመውን ባንዴ ይዘረግፈዋል። የመንግስታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በፈረንጆቹ 2021 ባወጣው ሪፖርት ላይ እንዳለው ድሮ በአስር አመት አንዴ ይመጣ የነበረ ከባድ ዝናብ አሁን በአለም ደረጃ 1.3 እጥፍ ደጋግሞ እየመጣ ነው፣ የአለም ሙቀት ጭማሪ 2 ዲግሪ ሲደርስ 1.7 እጥፍ ይሆናል።

በልግ ግን የብቻው ታሪክ አለው። በደቡብ ወሎ ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለውን የዝናብ መዝገብ ያዩ ጥናቶች የበልግ ዝናብ እየተዛባ፣ ገበሬውም በልግን ተማምኖ መዝራት እያቃተው እንደመጣ ያሳያሉ፣ የክረምቱ ያን ያህል አልተነካም። ምክንያቱን የሚያጠኑት ሰዎች በብዛት የሚያያይዙት ከህንድ ውቅያኖስና ከምዕራብ ፓስፊክ መሞቅ ጋር ነው። እዚህ ጋ ግልፅ መሆን ያለበት ነገር አለ፣ የወደፊቱን የሚተነብዩት ሞዴሎች ብዙዎቹ ምስራቅ አፍሪካ ላይ ዝናብ ይጨምራል ነው የሚሉት፣ እስካሁን መሬት ላይ የታየው የበልግ ሰሞን ዝናብ ግን ቀንሷል፣ ሁለቱ አልታረቁም። ለኛ ለከተማ ነዋሪዎች የሚሰጠው ትርጉም በአንዱ ትንበያ ላይ ተንጠልጥሎ ማቀድ አይቻልም ማለት ነው፣ ለሁለቱም የሚሆን ነገር ነው መሰራት ያለበት።

ሰው በልግ ቀረ ሲባል ወዲያው የሚያስበው ስለ ገብስና ስለ ጤፍ ነው። ልክ ነው፣ ግን በልግ ሌላ ስራም ነበረው፣ ይሄ ነገር በደንብ ሲብራራ ስላልሰማሁ ረዘም አድርጌ ልበለው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጥሩ ለም አፈር በደረቀ ጊዜ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይጠጣል፣ ይሄን ሳይጠግብ ወደታች ወደ ከርሰ ምድሩ የሚያሳልፈው ነገር በጣም ትንሽ ነው። በልግ ደህና ሲሆን አፈሩ ሰኔን የሚቀበለው ግማሽ እርጥበት ይዞ ነው፣ ስለዚህ የሐምሌ ዝናብ ቶሎ ጥጋቡን ያደርሰውና ትርፉ ወደ ስር ይወርዳል፣ ጉድጓዱም ምንጩም የሚሞላው ያኔ ነው። በልግ ሲቀር አፈሩ የተሰነጣጠቀና ላዩ የጠጠረ ሆኖ ክረምትን ይቀበላል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ላዩን ደልድሎት ቅርፊት ያበጅበታል፣ ውሃው ከመስረግ ይልቅ ቁልቁል ይሮጣል፣ የሰረገውንም የተራበው አፈር ራሱ ይይዘዋል። ጎርፍና የጉድጓድ መቀነስ በአንድ አመት አብረው የሚመጡት በዚህ ነው። ክረምቱ በሚሊ ሜትር ሲለካ "መደበኛ" ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፣ ጉድጓዱ ግን መደበኛውን አላገኘም።

2007ን ያስታወሰ ይረዳዋል። በዛ አመት በልጉ ከሸፈ፣ ክረምቱም በኤልኒኖ ምክንያት ዘግይቶና ተቆራርጦ መጣ፣ በ2008 በሀገር ደረጃ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ህዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ፣ ወሎም ከተመቱት አንዱ ነበር። ከዛ በ2008 ሚያዝያና ግንቦት ላይ ደግሞ በሀገሪቱ ብዙ ቦታ ጎርፍ ሆነ። ድርቅ ባደረቀው መሬት ላይ ጎርፍ፣ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ አላካካሰም፣ አፈሩን ይዞት ሄደ።

አሁን በቅርብ ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ቦርከና ዳር መሬት ያላቸው አንድ አባት አሉ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን ያለማሉ። ግቢያቸው ውስጥ በድንጋይ የተገነባ የእጅ ጉድጓድ አለ፣ አባታቸው ያስቆፈሩት። ያንን ጉድጓድ ለማየት የሚጠቅመው ውሃው ሳይሆን ገመዱ ነው። ከላይ በኩል ያለው ክፍል የድሮ የቃጫ ገመድ ነው፣ እጅ ብዛት አለስልሶት ጠቁሯል፣ ከሱ ስር ሰማያዊ ናይለን ተቀጥሏል፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ቀጭን ናይለን፣ ጫፉ ላይ ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የተሰራ መቅጃ። ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። "አባባ ይሄን ሁሉ መቼ ነው የቀጠሉት?" ብዬ ስጠይቃቸው አንዱን በ2007፣ ሌላውን የአንበጣው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው አሉኝ፣ "ውሃው ሲሸሽ እየተከተልነው ነው ልጄ" አሉ። ድሮ ግንቦት ድረስ በቃጫው ገመድ ብቻ ይቀዱ ነበር፣ አሁን የካቲት ሳያልቅ ናይለኑ ይገባል።

ከመቸኮላችን በፊት ግን አንድ ነገር። የሳቸው ጉድጓድ የወረደው በበልጉ ምክንያት ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ወንዙን ተከትሎ ላይና ታች የውሃ ሞተር በዝቷል፣ ነዳጅ የተገኘ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫል፣ ከወንዙም ከጉድጓዱም ይሳባል። ከተማው የራሱን ጥልቅ ጉድጓዶች እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነው የሚቆፍረው። ፋብሪካዎቹም የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው አሉ፣ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳ፣ የስጋና የብረታ ብረት ፋብሪካ ያላት ከተማ ነች፣ በ2009 ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ገቢው ባይቀንስ እንኳ ወጪው ጨምሯል። የአየር ንብረቱ ያደረገው ነገር በተወጠረ ሂሳብ ላይ መጥቶ ህዳጉን መብላት ነው፣ ድሮ አንድ መጥፎ በልግ ሲመጣ ጉድጓዱ ያለውን ይዞ ይሻገር ነበር፣ አሁን የሚሻገርበት ትርፍ የለውም።

መሬቱም ራሱ ተቀይሯል። ቃሉ ወረዳን፣ ማለት የኮምቦልቻን ዙሪያ፣ በፈረንጆቹ 1958 እና 1986 ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን አነፃፅረው ያጠኑ ሰዎች ቁጥቋጦው እየሳሳ ባዶው መሬትና መንደሩ እየሰፋ እንደሄደ አሳይተዋል፣ ያውም ከዛ ወዲህ ያለው 40 አመት ገደማ ሳይቆጠር። ቁጥቋጦ ማለት እኮ ለማገዶ ብቻ አይደለም፣ ዝናቡን ከላይ ይሰብረዋል፣ ስሩ አፈሩን ይከፍተዋል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያለብሰዋል። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ አልቡኮ በኩል ማይባር ላይ በፈረንጆቹ 1981 የተከፈተ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ፣ ከስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከተቋቋሙት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። እዛ አንዲት ትንሽ ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ የወንዙን ፍሰትና ተጠርጎ የሚሄደውን አፈር ለብዙ አመታት ለክተዋል። ከእንደዚህ አይነት ጣቢያዎች ደጋግሞ የወጣው ነገር በአመት ውስጥ ከሚጠረገው አፈር አብዛኛው የሚሄደው በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች መሆኑ ነው። ይሄን ከላይ ካልኩት ከባድ ዝናብ መደጋገም ጋር ስታገናኙት ነገሩ ያስፈራል፣ ምክንያቱም የሚበዙት እነዛው ጥቂቶቹ ናቸው።

ከገጠሩ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ደሴ ራሷ ነች። ከተማዋ ወደ ላይ ወደ ጦሳ ወገብ፣ ወደ ታች ወደ ገራዶና ወደ ጢጣ ተለጥጣለች። ቆርቆሮ፣ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ሲሚንቶ የተደረገ ግቢ። አንድ ሂሳብ እንስራ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ነሐሴ ላይ በአንድ ከሰአት ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ 40,000 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ቦታው በብዛት ጣራና መንገድ ከሆነ ሰባ በመቶው ቢፈስ 28,000 ሜትር ኩብ፣ አንድ ቦቴ 10 ሺህ ሊትር ቢጭን 2,800 ቦቴ ውሃ። ይሄ ሁሉ በጥቂት ሰአት ውስጥ ዲቹን ሞልቶ፣ ፕላስቲኩንና ቆሻሻውን ይዞ፣ ቁልቁል ቦርከና ውስጥ ይገባና ኮምቦልቻ ላይ ጎርፍ ተብሎ ይመዘገባል። መሬት ውስጥ ከገባው ደግሞ ያለ ቦታው ገብቶ የሚያናድ አለ፣ የደሴ ዳገቶች ላይ የመሬት መንሸራተት አዲስ ነገር አይደለም፣ ቤት የተሰነጠቀበት ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ዳገት ላይ ውሃ አስርጉ ማለት አይቻልም። ይሄን የምለው አንዳንድ ፕሮጀክት ሁሉም ቦታ ላይ አንድ አይነት ቦይ ስለሚቆፍር ነው። የሚንሸራተት ዳገት ላይ ውሃው በጥንቃቄ ተስቦ መውጣት ነው ያለበት፣ መስረግ ያለበት ጠንካራ ድንጋይ ያለበት ቦታና ከታች ሜዳው ላይ ነው።

በዛው ሳምንት ደሴ ውስጥ ቧንቧ በፈረቃ ነው። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የደሴ ውሃ ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ ቦሩ ሜዳ፣ ገራዶ እያለ፣ ከዛ በፓምፕ ተገፍቶ ጋን ላይ ወጥቶ ነው የሚከፋፈለው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ጋኑ ይጎድላል፣ ጋኑ ሲጎድል መጀመሪያ የሚደርቅበት ዳገት ላይ ያለው ሰው ነው። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ሲወርድ ፓምፑ ከጥልቅ ስለሚስብ መብራቱም ሂሳቡም ይጨምራል፣ ያረጀው መስመር ደግሞ በየመንገዱ ያፈስሳል፣ ማለት ብዙ ብር ወጥቶበት የወጣ ውሃ ቤት ሳይደርስ ተመልሶ መሬት ይገባል። በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ህዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰፍሮ በነበረ ጊዜ አንድ ቦኖ ስንት ሰው መሸከም እንደሚችል አይተናል። ያ የአየር ንብረት ጉዳይ አልነበረም፣ ግን ትርፍ አቅም የሌለው ሲስተም ላይ ማንኛውም ድንገተኛ ነገር እኩል ነው የሚሰብረው።

የወንዙ መሳሳት ሌላም ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ቦርከና ውስጥ የሚገባ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በብዙ ውሃ ይሟሟል፣ ሚያዝያ ላይ ግን ወንዙ ቀጥኖ ሲሄድ የሚገባው ፍሳሽ አልቀነሰም። ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና በሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ላይ የተሰሩ ምርመራዎች ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። በዛው ወንዝ ነው ጎመን የሚጠጣው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠበው። ስለዚህ የወንዙን ትንሹን ፍሰት መጠበቅ የጤና ጉዳይም ነው፣ የፍሳሽ ፈቃድ ሲሰጥ በነሐሴው ወንዝ ሳይሆን በሚያዝያው ወንዝ መሰላት አለበት። ይሄ ከባድ ሳይንስ አይደለም፣ ደረቁን ወር አይቶ መፍረድ ነው።

ከኛ በታች ደግሞ ጨፋ አለ። ረግረጉ በበጋ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባ ብቻ ሳይሆን ከአፋር በረሃ ከብቱን ይዞ የሚወጣው አርብቶ አደር ጭምር የሚሰማራበት የመጨረሻ አረንጓዴ ቦታ ነው። በልግ ሲቀር የአፋር ከብት ቀድሞ ይመጣል፣ ቀድሞ ሲመጣ የገበሬው ማሳ ገና አልተነሳም፣ ግጭቱ ከዛ ይጀምራል። እኛ ኮምቦልቻ ላይ ቦርከናን በሞተር ስንስበው ጨፋ ላይ ማን ምን እንደሚያጣ አንቆጥርም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሌላው ደጋ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ተደማምሮ አዋሽን ያሳብጠዋል፣ በ2012 ክረምት መጨረሻ አዋሽ አፋር ላይ ወጥቶ ስንቱን እንዳፈናቀለ ሁላችንም ሰምተናል። ላይ ያልያዝነው ውሃ ታች ላይ ሰው ቤት ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈሩ ይቁም አልልም፣ ህዝቡ እየጨመረ ነው። ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ጉድጓድ ከላይ ውሃ የሚያስገባለት ስራ አብሮ በጀት ካልተያዘለት ከባንክ ማስገባት ትቶ ማውጣት ብቻ ነው። በየአመቱ ከጥር ጀምሮ ህዝቡ ወጥቶ የሚሰራው የተፋሰስ ስራ፣ እርከኑ፣ የእርጥበት ማቆያው ጉድጓድ፣ ከብት የተከለከለበት ተራራ፣ በኔ እምነት በወሎ ውስጥ ከተሰሩት የውሃ ስራዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ ግን ሪፖርቱ በኪሎ ሜትርና በችግኝ ቁጥር ብቻ ነው የሚወጣው። ስንት ምንጭ እስከ መጋቢት ቆየ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ችግኙም ላይ፣ ባህር ዛፍ ምንጭ አጠገብ መትከል ይቅር፣ ለማገዶና ለአጠና ይጠቅማል ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቦታው ሌላ ይሁን። ወይራ፣ ጥድ፣ ግራር ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ምንጭ ዳር ግን የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ጣራው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1000 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 60,000 ሊትር ነው፣ የሚረጨውንና የሚተነውን ቀንሰን ሰማንያ በመቶውን ብንይዝ 48,000 ሊትር፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 2,400 ጀሪካን። በርግጥ ይሄን ሁሉ የሚያስቀምጥ ሮቶ ማንም ቤት የለም፣ ግን 5 ሺህ ሊትር ሮቶ መስከረም መጨረሻ ላይ ሞልቶ ቢዘጋና ቧንቧ ለጠፋበት ቀን ብቻ ቢከፈት፣ 5 ሰው ያለበት ቤት በቀን በሰው 20 ሊትር ቢጠቀም 50 ቀን ነው። በፈረቃ ላይ የሚደመር 50 ቀን ማለት መጋቢትንና ሚያዝያን ማለፍ ነው፣ በልጉ ትንሽ ከዘነበ ደግሞ ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ይደፋ፣ ለመጠጥ ከሆነ ይፈላ ወይ ውሃ አጋር ይጨመርበት። ለአንድ ደሞዝተኛ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከትምህርት ቤት፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከጤና ጣቢያ ቢጀመር ይሻላል፣ ጣራቸው ትልቅ ነው፣ ሰው ይሰበሰብባቸዋል፣ ጠባቂም አላቸው።

ህግ የለንም እንዳይባል ደግሞ አለ። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመኖሪያ ቤት የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አጠቃቀም ይቀድማል ይላል፣ ውሃ ለመሳብም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ቦርከና ሸለቆ ላይ ግን ፈቃዱ ተሰጥቶ በየወሩ ምን ያህል እንደተሳበ ካልተለካ ቅድሚያው ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ምክንያቱም ሚያዝያ ላይ ማን እንደወሰደው ማንም አያውቅም። የፋብሪካም፣ የአትክልትም፣ የከተማም ጉድጓድ ቆጣሪ ይኑረው፣ ንባቡም በአንድ ቦታ ይሰብሰብ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ወረዳዎቹም የሚያዩት።

እኔ በበኩሌ በዚህ አመት መጀመር አለበት የምለው ከሁሉም ርካሹን ነው። በሸለቆው ውስጥ ሰው የተዋቸው የእጅ ጉድጓዶች ብዙ አሉ፣ ጥቂቶቹን ከሞተር ራቅ ያሉትን መርጦ ሚያዝያ መጨረሻና መስከረም መጨረሻ ላይ ከአፋቸው እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በሜትር መለካት። ክብደት የታሰረበት ገመድና ደብተር ነው የሚያስፈልገው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ካምፓስ አለው፣ ልጆቹ ለመመረቂያ ፅሁፍ ርዕስ ሲፈልጉ ነው የሚከርሙት። አምስት አመት ተከታታይ ልኬት ቢኖረን በልጉ የቀረበት አመትና እርከን የተሰራበት ሰፈር በጉድጓዱ ላይ ምን እንዳመጡ ለያይቶ ማየት ይቻላል፣ ቀጣዩን ጥልቅ ጉድጓድ የት መቆፈር እንዳለበትና የቱ ሰፈር ላይ መቆም እንዳለበትም ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።